ሳንድዊች ቆራጩን ማን ያስገባው ነበር?

ሰሞኑን በአንድ የአማርኛ የዩቲዩብ ውይይት ላይ አንድ ወንድማችን የተናገረው ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ርዕሱ አሜሪካ በዓመት የምትቀበለው የስደተኞች ቁጥር ጣሪያ ነበር። ያው ከ125 ሺህ ወደ 7,500 የወረደው፣ ከዚያችም ላይ አብዛኛው ለደቡብ አፍሪካ ነጮች የተያዘው። ወንድማችን ውሳኔውን ደገፈ። መብቱ ነው። ያንገበገበኝ ምክንያቱ ነው። አሜሪካ የሚያስፈልጋት ሐኪምና ኢንጂነር ነው፣ ምግብ ቤት የሚከፍት ስደተኛ ሞልቷል አለ። አወያዩ ለወጉ ያህል ሊሞግተው ሲሞክር ጭራሽ ባሰበት። ሳንድዊች መቁረጥ ማን ያቅተዋል፣ ለዚህ ተብሎ ከካምፕ ሰው አይመጣም አለና ሳቀ። አወያዩም አብሮት ሳቀ።

ይህን ያለው የዋይት ሀውስ ባለሥልጣን ቢሆን ኖሮ ቻናሉን ቀይሬ እተኛ ነበር። ያለው ግን የኛው ሰው ነው። ያለውም በአማርኛ ነው። አድማጩ ግማሹ ሬስቶራንት ውስጥ ሠርቶ ልጅ ያስተማረ፣ ግማሹ አሁንም እዚያው እየሠራ ያለ ነው።

ሳንድዊች ስለመቁረጥ ከተነሳ አይቀር የአንድ ሳንድዊች ቆራጭ ሕይወት ላስታውሰው። ኤብ ሌበዎል። ኒውዮርክ፣ ሁለተኛው አቬኑ ከአሥረኛው መንገድ የሚገናኝበት ጥግ ላይ የነበረው የሴኮንድ አቬኑ ዴሊ ባለቤት። ኒውዮርክ የኖረ ሰው ቤቱን ያውቀዋል። ላልኖረ፣ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዶች ከከፈቷቸው የሥጋ፣ የሾርባና የሳንድዊች ቤቶች አንዱና ስመ ጥሩ ነው።

ኤብ የተወለደው በ1931 ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ቦታው ኩሊኪቭ ይባላል፣ ልቪቭ አጠገብ። ያኔ ፖላንድ፣ ዛሬ ዩክሬን። ሶቪየቶች አካባቢውን ሲይዙ የአባቱን ንብረት ወረሱ፣ አባትየውን ወደ ሳይቤሪያ ላኩ። ኤብና እናቱ ወደ ካዛኪስታን ተጋዙ። ሲያስቡት ይገርማል፣ ነፍሳቸውን ያተረፈው ይኸው ግፍ ነው። እዚያው ቀርተው ቢሆን ናዚዎች ይደርሱባቸው ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ቤተሰቡ ተገናኝቶ ወደ ፖላንድ ተመለሰ። የጠበቃቸው ግን ሰላም አልነበረም። በጁላይ 1946 ኪየልሴ በምትባል ከተማ፣ ከናዚ የተረፉ 42 አይሁዶች በገዛ ከተማቸው ሰዎችና በታጣቂዎች ተገደሉ። ከጦርነቱ የተረፈው ሰው በሰላሙ ዘመን ተገደለ። ያየ ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ምዕራብ ሸሸ። የነኤብም ቤተሰብ ጣሊያን ገብቶ በተፈናቃዮች ካምፕ ተቀመጠ። አሜሪካ የደረሱት በ1950 ነው።

አሁን ፎርሙን ለወንድማችን ልስጠውና ይሙላልኝ። ዕድሜ፣ ገና ሃያ ያልሞላ። ትምህርት፣ በግዞትና በካምፕ የተቆራረጠ። ሀብት፣ ተወርሷል። ሙያ፣ የለም። የሥራ ልምድ፣ ከካዛኪስታን እስከ ጣሊያን መንከራተት። በአሜሪካ ምን ሊሠራ አስቧል፣ የተገኘውን። ይህን ፋይል ወንድማችን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ዘግቶ ይመልሰዋል። ማኅተሙን ሲያሳርፍ ደግሞ አገር የጠቀመ ይመስለዋል።

እንዲህ ዓይነቱ ማጣሪያ አዲስ ግኝት የመሰለው ካለ ታሪክ አላነበበም። አሜሪካ ይህን ሞክራዋለች። በዚያው ዘመን፣ በእነዚያው ሰዎች ላይ። የ1948ቱ የተፈናቃዮች ሕግ ሲወጣ ከ200 ሺህ በላይ ሰው ለማስገባት ነበር። እሰየው ያሰኛል። ግን ኮንግረስ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ልክ እንደኛ ወንድም ጠቃሚውን ከማይጠቅመው ለመለየት ጓጉ። ከቪዛው 30 በመቶው በእርሻ ለሠራ ሰው ቅድሚያ ይሰጥ አሉ። ለምን ቢባል፣ አገሪቱ የሚያለማ እጅ ትፈልጋለች ነው። በየካምፑ ከነበሩት አይሁዶች ደግሞ ገበሬው ጥቂት ነበር። ይህ በአጋጣሚ የሆነ የሚመስለው ካለ ይምሰለው። ቀጥሎ 40 በመቶው ሶቪየት ከጠቀለለቻቸው አገሮች ለመጡ ይሁን ተባለ። በተግባር ይህ ከሁሉ በላይ የጠቀመው የባልቲክ ሰዎችን ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ቀኑ ነው። እስከ ዲሴምበር 22 ቀን 1945 ድረስ ጀርመን፣ ኦስትሪያ ወይም ጣሊያን ያልገባ ስደተኛ ጉዳዩ አይታይም ተባለ። ቀኑን ልብ በሉ። ከኪየልሴ ግድያ በኋላ የሸሸው ሁሉ የሸሸው በ1946 ነው። ከሶቪየት ግዞት ወደ ፖላንድ ተመልሶ እንደገና የወጣውም እንዲሁ። አንዲት ቀን በመቁረጥ ብቻ ስንትና ስንት የፖላንድ አይሁድ ከመስመር ወጣ። ሕጉ ውስጥ አይሁድ አይግባ የሚል ዓረፍተ ነገር የለም። አያስፈልግምም ነበር። ገበሬ ይቅደም ማለት በቂ ነው። ቀን መቁረጥ በቂ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን ሕጉን የፈረሙት እያጉረመረሙ ሲሆን፣ አይሁዶችን የሚያገል መሆኑንም በአደባባይ ተናግረዋል። ሕጉ የተሻሻለው ሁለት ዓመት ቆይቶ በጁን 1950 ነው። ቀኑም ወደ 1949 መግቢያ ተገፋ። ኤብ አሜሪካን የረገጠው በዚያው ዓመት ነው።

ወንድማችን ይህ የድሮ ነው ሊል ይችላል። አይደለም። ጠቃሚውን እንምረጥ የሚሉ ሰዎች የሚለኩት ጥቅም ሆኖ አያውቅም። የሚለኩት የሚወዱትን ሰው ነው። በ1948 መስፈርቱ ገበሬ ነበር። ዛሬ ኢንጂነር ተባለ። ነገ ሌላ ይባላል። መስፈርቱ እየተቀያየረ የሚወድቀው ግን ያው አንድ ሰው ነው፦ ቤቱ የተወረሰበት፣ ወረቀት የሌለው፣ ተከራካሪ የሌለው።

ማስረጃ ካስፈለገ ወንድማችን የሚያከብረውን ኢንጂነር እንይለት። ኢንጂነሩ አሜሪካ የሚመጣበት በር ኤች ዋን ቢ የሚባለው የባለሙያ የሥራ ቪዛ ነው። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ውጭ አገር ላለ ሰው አዲስ ለሚጠየቅ ኤች ዋን ቢ አሠሪው 100 ሺህ ዶላር ይክፈል ተብሏል። ጎን ለጎን ደግሞ 1 ሚሊዮን ዶላር ለሚከፍል የመኖሪያ ፈቃድ የሚያስገኝ ወርቃማ ካርድ ተዘጋጅቷል። እንግዲህ ንገሩኝ፣ ሐኪምና ኢንጂነር ይምጣ ያለው ማን ነው? መንግሥቱ እንኳ ያላለውን ነው ወንድማችን የሚከራከርለት። ስደተኛውን ትታችሁ ኢንጂነሩን አስገቡ ብሎ የተማፀናቸው ሰዎች ኢንጂነሩንም በር ላይ አስቁመው ሒሳብ እያስከፈሉት ነው። እሱ ግን አሁንም ያጨበጭባል።

ወደ ኤብ ልመለስ። ኮኒ አይላንድ አንድ ዴሊ ውስጥ ለስላሳ ቀጂ ሆኖ ተቀጠረ። ከዚያ ባንኮኒ ላይ ቆራጭ ሆነ። በእረፍት ሰዓቱ ኩሽና እየገባ አበሳሰሉን አየ፣ ተማረ። ጥቂት ሺህ ዶላር አጠራቀመና በ1954 አሥር ሰው የምታስቀምጥ ትንሽ ምሳ ቤት ያዘ። አሥር ወንበር! የዛሬ ወርቃማ ካርድ ሻጮች የሻይ ቤት ያህል እንኳ አይቆጥሯትም ነበር። ቤቲቱ ጎን ለጎን ያለውን እየጨመረች ሰፋች፣ ከከተማዋ ታዋቂ ቤቶችም አንዷ ሆነች።

ሰፈሩ ደግሞ ያኔ እየከሰመ ነበር። ሁለተኛው አቬኑ በአንድ ወቅት፣ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ በሆነው በዪዲሽ የሚሠራው ቴአትር መንደር ነበር። ኤብ በገባበት ዘመን አዳራሾቹ እየተዘጉ፣ ተመልካቹ ወደ ዳር ሰፈሮች እየወጣ፣ ቋንቋውን የሚናገረው ሰው እያነሰ ነበር። ኤብ በ1980ዎቹ ምን አደረገ? ከቤቱ ፊት ለፊት፣ እግረኛ መንገዱ ላይ፣ ሆሊውድ እንዳለው ዓይነት ኮከብ አስቀረጸ። የፊልም ተዋናይ አይደለም፣ የዪዲሽ ቴአትር ሰዎችን ስም ነው። ሞሊ ፒኮን አለች፣ ቦሪስ ቶማሼፍስኪ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ውስጥ ደግሞ አንዱን ክፍል በሞሊ ፒኮን ስም ሰየመ። ማንም አላዘዘውም። ከሥጋ ሽያጭ ባገኘው ብር ነው የአንድ ሕዝብ ቴአትር መታሰቢያ ያቆመው። ስንት ዶክተሬት ያለው ሰው ነው ይህን ያደረገ?

እሺ፣ አሁን ማን ያቅተዋል ወደተባለው ሥራ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሱኝ፣ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው።

የዴሊው ሳንድዊች የሚሠራበትን ሥጋ፣ ፓስትራሚን፣ ወደ ኒውዮርክ ይዘውት የመጡት የሮማኒያ አይሁዶች ናቸው። ሥጋው ከበሬው ሆድ በኩል የሚወጣ፣ ጮማና ቀይ ሥጋ የተደራረበበት ቁራጭ ነው። ያኔ ሀብታም አይጠጋውም፣ ለዚያ ነው ድሃ የገዛው። በጨው፣ በስኳር፣ በነጭ ሽንኩርትና በቅመም ውሃ ውስጥ ለቀናት፣ እንደ ቤቱም ለሳምንታት ይዘፈዘፋል። ከዚያ የተከካ ቁንዶ በርበሬና ድንብላል በላዩ ይለበጣል። ይጨሳል። ይቀቀላል። በመጨረሻ በእንፋሎት ለሰዓታት ይለሰልሳል። ከእንፋሎቱ ሲወጣ ይንቀጠቀጣል። ጥቂት ካለፈበት ቢላ ሲነካው ይፈራርሳል፣ ጥቂት ካነሰው አይታኘክም። ይህን የሚነግር ደወል የለም። ቆራጩ በሹካ ወጋ አድርጎ በእጁ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ መቁረጡ ይመጣል። ሥጋው ጭሬ አለው፣ ማለትም ክሩ የተሰለፈበት መስመር። ጭሬው ደግሞ በአንድ አቅጣጫ አይሄድም። ቆራጩ ጭሬውን አቋርጦ መቁረጥ አለበት። እየቆረጠ ሲሄድ መሃል ላይ አቅጣጫው ይቀየራል፣ እሱም ሥጋውን ያዞራል፣ ቢላውን ያጋድላል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ፊቱ የተሰለፈው ሰው ሰዓት እያየ ነው። ከጮማው ስንት፣ ከቀዩ ስንት እንደሚያደርግ ደንበኛውን አይቶ ይወስናል። ተከምሮ ራይ ዳቦ ላይ ይወጣል፣ ሰናፍጭ ይቀባል። አይብ የለም፣ ቅቤ የለም። ቤቱ ኮሸር ነው፣ በአይሁድ የምግብ ሕግ የሚሠራ፣ ሥጋና ወተት አይገናኙም። ቡናውም በወተት አይሆንም። ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሀበሻ ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በነገራችን ላይ የኤብ ቤት ኮሸር ሆኖ ቅዳሜም ክፍት ነበር። ጥብቅ የሆኑት አይሁዶች በዚህ ቅር ይሰኙ ነበር። እሱ ግን ከሥራው ንቅንቅ አላለም።

ኮርን ቢፉ ሌላ ነው። እሱ ከፍርምባው ነው የሚሠራው፣ ይዘፈዘፋል እንጂ አይጨስም። ጉበቱስ? ኮሸር ቤት ውስጥ ጉበት ዝም ብሎ መጥበሻ ላይ አይወድቅም። ደም ስለማይበላ መጀመሪያ በቀጥታ እሳት ላይ ተለብልቦ ደሙ ይወጣል። ከዚያ በዶሮ ስብ የተጠበሰ ሽንኩርትና የተቀቀለ እንቁላል ገብቶበት ይፈጫል። ስቡ ራሱ በቤት ውስጥ የሚነጠር ነው። ሲነጠር የሚቀረው የዶሮ ቆዳ ከሽንኩርት ጋር እስኪንኮሻኮሽ ይጠበሳል። አንድም የሚጣል ነገር የለም። የድሃ ኩሽና ሁሉ እንዲህ ነው።

ማን ያቅተዋል ያለው ወንድማችን እናቱ ጋ ይደውልና፣ እማዬ፣ ዶሮ መበለት ማን ያቅተዋል ይበላት። የምትመልስለትን ይስማ። አሥራ ሁለቱን ብልት አስተካክሎ ማውጣት ሙያ ከሆነ፣ ፓስትራሚ መቁረጥም ሙያ ነው። ወረቀት ስላልተሰጠው ብቻ ሙያነቱ አይቀርም። እንዲያውም ቀላል ቢሆን ኖሮ አያልቅም ነበር። በ1930ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ከ1,500 በላይ ኮሸር ዴሊ ነበር። ዛሬ ቀሪው ጥቂት ነው። ኮሸር ያልሆኑት ታዋቂዎች እንኳ አልቻሉም። ስቴጅ ዴሊ በ2012 ተዘጋ። ካርኔጊ ዴሊ በ2016 መጨረሻ ተዘጋ። ያ ሁሉ የተማረ ሰው በሞላበት ከተማ ማን ያቅተዋል የተባለውን ሥራ የሚሠራ ጠፋ። ኪራይ ነው፣ የሥጋ ዋጋ ነው የሚሉ አሉ። ይሁን። ግን ኪራይ ሲያንገላታው እየታገለ የሚቆይ ሰው ካለ ቤቱ ይቆያል። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ደግሞ ፎርም አይመርጠውም።

ኤብን የሚያውቁ ሰዎች የሚያነሱት አንድ ነገር አለ። ተርቦ የመጣ ሰው ከቤቱ ሳይበላ አይመለስም ነበር። ቤት የሌለውም ቢሆን። የቤቱን ምስረታ ሲያከብር ሳንድዊች በድሮው ዋጋ ሸጧል። ሰፈርተኛው ተሰልፎ በላ። ይህን የትኛው የጥቅም ሰንጠረዥ ውስጥ ነው የምናስገባው?

ማርች 4 ቀን 1996 ኤብ የቤቱን ገቢ ባንክ ሊያስገባ ሲሄድ ዘራፊ ተኩሶ ገደለው። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልተያዘም። ስታሊንን አልፎ፣ ከሂትለር አምልጦ፣ ካምፕ ከርሞ፣ የገደለው የገዛ ሰፈሩ መንገድ ነው። ከዴሊው ማዶ ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ መናፈሻ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። አንድ አይሁድ ሳንድዊች ቆራጭ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ። ከተማዋ ቢያንስ ይህን ያህል አስባለታለች።

እዚህ ጋ ወንድማችን በተለይ እንዲሰማኝ የምፈልገው ነገር ይመጣል። ኤብ ጃክ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረው። ጣሊያን ካምፕ ውስጥ የተወለደ። ጃክ ጠበቃ ሆነ። ይኸውላችሁ፣ የተማረው፣ የሚያስፈልገው፣ ወንድማችን የሚፈልገው ዓይነት ሰው። ኤብ ሲገደል ታዲያ ጠበቃው ምን አደረገ? ዴሊውን ተረከበ። ሕግ የተማረው ሰው ማን ያቅተዋል ወደተባለው ሥራ ገባ። እንደ ውድቀት ቆጥሮት አይመስለኝም። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ጠበቃውንና ሳንድዊች ቆራጩን በደረጃ የሚያስቀምጥ ሰው አልነበረም። ደረጃው ያለው ዩቲዩብ ላይ ነው።

ከዚያ ኪራዩ መጣ። የወር ኪራዩ ከ24 ሺህ ወደ 33 ሺህ ዶላር ይግባ ተባለ፣ አልተስማሙም፣ በ2006 መጀመሪያ የድሮው ቤት ተዘጋ። በቦታው የገባው ባንክ ነው። ወንድማችን ይህን ሲሰማ ደስ ይለው ይሆናል፣ ባንክ እኮ ጠቃሚ ነው። የቤተሰቡ ቀጣይ ትውልድ ግን ዝም አላለም። በ2007 መጨረሻ የጃክ ልጅ ጄረሚ ሠላሳ ሦስተኛው መንገድ ላይ መልሶ ከፈተው። ሁለተኛው አቬኑ ላይ ሳይሆን ሴኮንድ አቬኑ ዴሊ ተብሎ ይጠራል። ስሙን የሚቀይርለት የለም።

አንዱ ተነስቶ ኤብ ከሺህ አንድ ነው ይለኛል። ይሁን፣ ይህን ልስጠው። ስደተኛ ሁሉ ኤብ አይሆንም። ኢንጂነር ሁሉስ ድልድይ ይሠራል? ስንቱ ቢሮ ተቀምጦ ስብሰባ ሲያመላልስ አይደል የሚውለው? ከዚያም በላይ፣ ኤብ ዕድሜ ልኩን ሳህን ሲያጥብ ቢኖር ኖሮስ? ያኔ ካዛኪስታን ይመለስ ሊባል ነው? ስደተኛ የሚመጣው የሥራ ማስታወቂያ አይቶ አይደለም። ቤቱ ነዶበት ነው። በሲቪ የሚመዘን ከሆነ ስደተኛ መባሉ ቀርቶ ተቀጣሪ ይባል።

ይህን የተረዱት ራሳቸው አይሁዶች ናቸው። ሃያስ የሚባለው ድርጅታቸው ከጦርነቱ በኋላ የአውሮፓን አይሁዶች ከየካምፑ ወደ አሜሪካ ሲያመጣ የነበረ ነው። ዛሬ የሚረዳው ስደተኛ በአብዛኛው አይሁድ አይደለም። በጃንዋሪ 2025 የስደተኞች መቀበያው ፕሮግራም ሲታገድ ከሁለት ክርስቲያን ድርጅቶች ጋር ሆኖ በወሩ ሲያትል ፍርድ ቤት መንግሥትን ከሰሰ። ለራሱ ሰው አይደለም የከሰሰው። ትናንት ለኛ የተከፈተው በር ለሌላውም ይከፈት ነው ነገሩ። እኛ ሀበሾች ደግሞ ከገባን በኋላ በሩን ከውስጥ ለመቀርቀር እንሽቀዳደማለን። ያሳፍራል።

ምክንያቱም እኛም በዚያው በር ነው የገባን። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ሲወጣ ከሱዳን ካምፖች ተጭኖ የመጣው ሀበሻ ምን ዲግሪ ይዞ ነበር? የያዘም ነበር፣ ያልያዘም ነበር። ዲግሪ የያዘው ታክሲ ነዳ፣ ፓርኪንግ ውስጥ ሠራ። ዋሽንግተን አዳምስ ሞርጋን 18ኛው መንገድ ላይ ምግብ ቤት የከፈተው ግን ሰፈሩን ለወጠው። መጀመሪያ ጤፍ እንኳ አልነበረም፣ እንጀራው በተገኘው ዱቄት ነበር የሚጋገረው። ቆይቶ አይዳሆ ውስጥ፣ ቀድሞ ኢትዮጵያ የሠራ አንድ አሜሪካዊ ጤፍ ማብቀል ጀመረ። ማን ሊበላለት? የኛው ምግብ ቤትና የኛው ቤተሰብ። አይዳሆ ያለ መሬት ላይ ጤፍ ያስዘራው ያ ሳንድዊች ቆራጭ የተባለው ሰው ነው። እዚያው ውይይት ላይ፣ መሃል ላይ የገባው ማስታወቂያ የማን እንደነበር ደግሞ ልንገራችሁ። የሀበሻ ሬስቶራንት። ክትፎውን ልዩ ነው እያሉ አስተዋወቁና ተመልሰው ምግብ ቤት የሚከፍት አያስፈልግም አሉ።

አሁን ደግሞ ጉዳዩ ወደ ጓዳችን ገብቷል። በ2025 መጨረሻ ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ቲፒኤስ የሚባለው ጊዜያዊ የመኖሪያ ከለላ እንዲቆም መንግሥት አስታውቋል። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ባሉ ኩሽናዎች ሽንኩርት የሚከትፈው፣ ምጣድ ላይ የቆመው፣ ሌሊት ሳህን አጥቦ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው ሰው ምን ወረቀት እንደያዘ ወንድማችን ባለቤቶቹን ይጠይቅ። ከስፖንሰሩ መጀመር ይችላል። ከዚያ በሚቀጥለው ፕሮግራም ይቅረብና ከመሃላቸው የማያስፈልገው የትኛው እንደሆነ ስሙን ጠርቶ ይንገረን።